ድሮኑ ወድቆ በእግር የለካነው ወንዝ

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ የካርታ ባለሙያ ነኝ። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለሰፈሬ ሰዎች ነው። «ጎጃም ሄዳ የመሥሪያ ቤቱን ድሮን ጣለችው» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ድሬ ገብቷልና፣ ግማሹን የሰማችሁ ሙሉውን ከራሴ ስሙት። መጣሌ እውነት ነው። ግን በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ደረቴን ነፍቼ የተመለስኩበት ጉዞ የለም።

ጉዞው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከባሕር ዳር ቆሰበር በሚኒባስ ያለ ሐሳብ በሚኬድበት ወቅት የተደረገ ነው። በአዊ ዞን፣ በአዲስ ቅዳምና በዳንግላ መካከል፣ ከአስፋልቱ ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ አንድ ወንዝ አለ። ክረምት ሲሞላ ማዶ ያለው ቀበሌ ከትምህርት ቤቱም ከጤና ጣቢያውም ይቆረጣል። ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ሊሠራ ታስቦ፣ ቦታውን ለመምረጥ የወንዙ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ከላይ ፎቶ ተነሥቶ በካርታ መቅረብ ነበረበት። ቦታው የሚወሰንበት ስብሰባ ስድስተኛው ቀን ላይ ተቀጥሯል። ካርታው ካልደረሰ ነገሩ ለከርሞ ያድራል፤ ወሩ ደግሞ የሚያዝያ መጨረሻ ነው፣ ክረምቱ ደጅ ላይ ቆሟል። ሥራው ለእኛ ትንሽ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ከመካከላችን ድሮን ለማብረር የሠለጠንኩትም ፈቃድ የያዝኩትም እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሻንጣዬን አሰርኩ።

የመጀመሪያው ቀን

ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄድኩ። የድሮን ባትሪ ከሻንጣ ጋር አይጫንም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። ስለዚህ በየፍተሻው ስድስት ባትሪ ከቦርሳዬ እየደረደርኩ፣ የፈቃድ ደብዳቤዬን እየዘረጋሁ አለፍኩ። አንዷ ፈታሽ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው መስመር አንብባ፣ «አንቺ ነሽ የምታበሪው?» አለችኝ። አዎ ስላት ለጓደኛዋ ጠቆመቻት። ሁለቱም ፈገግ አሉ። ኩራቴ የጀመረው እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም።

ባሕር ዳር መናኸሪያ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ረዳቶቹ «ቆሰበር! ቆሰበር! አንድ ሰው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እኔ እንጅባራ የሚል እጠብቃለሁ። ሦስት ሚኒባስ ሞልቶ ሲወጣ አየሁ። በመጨረሻ አንዲት ቆሎ ሻጭ አዘነችልኝ።

«እህቴ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«እንጅባራ።»

«ታዲያ ቆሰበር እኮ እሱው ነው! የድሮ ስሙ ነው። በይ ሩጪ!»

ሮጥኩ። ባትሪዎቹን እንደ ሕፃን ታቅፌ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ዳንግላ ላይ ለምሳ ወረድን። ሽሮ አዝዤ ከጎኑ ያላዘዝኩት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ መጣልኝ። ተሳስተው መስሎኝ ልመልሰው ስል አስተናጋጁ ቅር አለው፤ «ድንች አገር መጥተሽ ድንች ሳትበዪ?» አለኝ። እኛ ዘንድ ሹርባ፣ ያው ሾርባ፣ ያዘዘ ሎሚ እንደሚቀርብለት ማለት ነው። ከዳንግላ ወዲያ መንገዱ ግራና ቀኙ ጫካ ነው። ጫካው የተተከለ ነው፤ ዲከረንስ ይሉታል፣ ገበሬው ራሱ ተክሎ፣ አድጎ ሲደርስ ከሰል አክስሎ ይሸጠዋል። አዲስ ቅዳም ስንደርስ የከሰሉ ጆንያ በመንገዱ ዳር እንደ ግንብ ተደርድሯል። ድንጋይና ቁልቋል እያየች ላደገች ዓይኔ ይህ ሁሉ አረንጓዴ ሐሰት ይመስል ነበር።

ቆሰበር የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ ሰው በሽርጥ ደጅ ተቀምጦ ነፋስ ይለምናል። እዚህ ሁሉም ጋቢ ደርቧል። ሆቴሉን የያዙት ሴትዮ ስንቀጠቀጥ አይተው ሳልጠይቅ ሦስተኛ ብርድ ልብስ አመጡልኝ። «ከቆላ ነሽ፤ ከንፈርሽ ይናገራል» አሉኝ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት የወረዳው የመንገድ ባለሙያ የኔነህ ሊወስደኝ መጣ። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። እዚያው አገር ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አዊኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራል። የእኔ ሐሳብ እንደደረስን ድሮኑን ማስነሣት ነበር። እሱ ግን በቀበሌው ትምህርት ቤት ሜዳ ሰው ጠርቷል።

«ግማሽ ቀን ሊጠፋብን ነው» አልኩት።

«ይጥፋ። ሰማይ ላይ የማያውቁት ነገር ሲጮህ ሰው ልጁን ይዞ ይሮጣል። መጀመሪያ ይዩት፣ ድምፁን ይስሙት፣ ለምን እንደመጣ ይወቁ። ሳይሰሙ አናስነሣም።»

ሥልጠናዬ ላይ «የአካባቢውን ሰው አስቀድመህ አሳውቅ» የሚል ነገር ተምሬ ነበር። እኔ ግን ለሊቀመንበሩ ስልክ መደወልን እንደማሳወቅ ነበር የምቆጥረው። ቅር እያለኝ ሄድኩ።

ሜዳው ላይ ከሁለቱም ቀበሌ የመጣ ብዙ ሰው ነበር። ድሮኑን ከሳጥኑ አውጥቼ አሳየሁ፤ ሰዉን ራቅ አድርጌ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ አድርጌ አወረድኩት። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ የኔነህ በአዊኛ ይደግመዋል። የሚያነሣው ወንዙን እንደሆነ፣ ሰው ከተሰበሰበበት በላይ እንደማይበር ነገርኳቸው። በስድሳዎቹ ያሉ አንዲት ሴት ከወዲያኛው ጥግ ተነሡ።

«ቢወድቅስ?» አሉ።

አይወድቅም ልል አፌን ከፈትኩ። የኔነህ አየኝ። እንደገና አሰብኩበት። «ከወደቀ አይንኩት» አልኩ። «ባትሪው ሊቃጠል ይችላል። ልጅና ከብት አያስጠጉ። ሆዱ ላይ የስልክ ቁጥሬ ተለጥፏል፤ ደውሉልኝ።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ። ትሁኔ ይባላሉ፤ የማዶው ቀበሌ ገበሬ ናቸው። ስብሰባው ሲበተን አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን አዝለው ወደ እኔ መጡ። የልጃቸው ልጅ ነው። ከሁለት ክረምት በፊት ልጃቸው ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ ሲያወርዷት ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ዝናብ እየወረደ፣ ዳሩ ላይ፣ በሴቶች ተከባ ወለደች።

«ስሙን ማን አላችሁት?» አልኳቸው።

«ሙላት። ሌላ ምን እንለዋለን?» አሉ፤ ሕፃኑን ጀርባቸው ላይ ከፍ አድርገው አጥብቀው ሄዱ።

ማረፊያዬ አያ እንየው የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ሆነ። ግቢያቸው በቀርከሃ አጥር የተከበበ፣ ደጁ ላይ ዳማ ፈረስ የታሰረበት ነው። እዚያም አንድ ጥፋት ሠራሁ። ድሬ እንደምታውቁት ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው። እኔም በፍቅር ልቤ፣ «ፈረሱ ያንተ ነው?» አልኳቸው። የኔነህ አንገቱን ደፋ። አያ እንየው ግን ሳቁ፤ «ተዋት፣ አገሯ እንዲህ ነው። ፈረሱስ የእኔ ነው፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ በኋላ እርስዎ እያልኩ አምስት ቃል ስናገር ሁለቱ ይሰበርብኝ ነበር። እሳቸውም በተሰበረ ቁጥር ይደሰቱ ነበር። ባለቤታቸው እርጎ በማር አቀረቡልኝ። ያን ማር ለመግለጽ አልሞክርም።

ሦስተኛው ቀን

ጥፋቴን ሳልቀባባ ልንገራችሁ።

ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ በስተምዕራብ ግን ደመና ይሰበሰባል። ዕቅዴ ወንዙን በአራት ቁራጭ ከፍዬ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ እየቀየርኩ፣ ድሮኑን ሁልጊዜ በዓይኔ እያየሁ ማንሣት ነበር። ደመናውን ሳይ ቸኮልኩ። አራቱንም በአንድ በረራ ልጨርሰው አልኩ። ማንም ሰው ሳይነግረኝ፣ ራሴው ነኝ ያልኩት።

ከትምህርት ቤቱ ሜዳ አስነሣሁ። ሲሄድ እንደ ወፍ ነው። ወንዙ በስክሪኑ ላይ እየተጠማዘዘ ይገለጣል፣ ፎቶዎቹ ይቆጠራሉ። እንዲያ የፈጠነው ነፋስ ከኋላው እየገፋው እንደነበር አላሰብኩበትም። አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከዓይኔ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ባትሪው ወደ ግማሽ ወርዷል።

«አይበቃም?» አለ የኔነህ ከጎኔ።

«የመጨረሻዋ የወንዙ ማጠፊያ ብቻ ቀረች» አልኩት።

ማጠፊያዋ ላይ ሳይደርስ ባትሪው ይበልጥ ወረደና መለስኩት። ያን ጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት አገኘው። ሲሄድ በደቂቃ የበላውን መንገድ ሲመለስ በአራት ደቂቃም አልጨረሰው። መሐል ላይ ምስሉ ቀጥ አለ። የቀርከሃ ጫፍ የሚታይበት አንድ የቆመ ፎቶ ብቻ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ሲግናሉ ሲቋረጥ ድሮኑ በራሱ ወደተነሣበት ይመለሳል ተብሎ የተሠራ ነው፤ እየጠበቅን ወደ ሰማይ አንጋጠጥን። አልመጣም። ወዲያው ገባኝ። የመመለሻውን ከፍታ ስልሳ ሜትር ላይ ሞልቼው የነበረው ድሬ ሜዳ ላይ ስለማመድ ነው። እዚህ ግን በእኛና በእሱ መካከል ኮረብታ አለ፣ ኮረብታው ላይ ዛፍ አለ። አንድ ቁጥር መቀየር ረስቻለሁ።

የኔነህ አልወቀሰኝም። «መጨረሻ የታየበትን ቦታ አሳዪኝ» አለ፤ አሳየሁት። ማዶ ነው። አያ እንየው ፈረሳቸውን ይዘው መጡና ወደ ወንዙ ወረድን።

የእኛ የድሬ ወንዝ አሸዋ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ገበያ ይቆምበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፤ የሚያስፈራው በድንገት ሲመጣ ነው። ይሄኛው በበጋም ውሃ ነው። ቀዝቃዛ፣ ከጉልበት በላይ፣ ሥሩ የሚያንሸራትት ድንጋይ። አያ እንየው ፈረሱ ላይ አውጥተው ራሳቸው በእግር እየመሩ አሻገሩኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ውሃ ውስጥ፣ እኔ ኮርቻ ላይ! ዳሩ ላይ ልወርድ ስል ደግሞ እግሬ ተንሸራቶ እስከ ወገቤ ገባሁ። ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ወደ ለቅሶ ሊዞር ሲል ከጫማዬ ውሃ ማፍሰስ ጀመርኩ።

ማዶ ስልክ አይሠራም። በየደጁ እየጠየቅን ወጣን። ዝናብ መጣል ጀመረ። ከድሮኑ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር፤ ሰው ላይ ወድቆ ቢሆንስ? ማንም ሳይነግረኝ እያንዳንዱን ቤት ስናልፍ የልጆችን ድምፅ አዳምጥ ነበር።

ከኮረብታው ጀርባ፣ ከቀርከሃው ሥር፣ አንድ የድንች ማሳ ጠርዝ ላይ እትዬ ትሁኔን አገኘናቸው። ዝናቡ ላይ ራሳቸውን በነጠላ ሸፍነው ቆመዋል። የዝናብ ልብሳቸው፣ ከሣር የተሠራው ገሳ፣ መሬት ላይ አንድ ነገር አልብሷል። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረዋል። ከድንጋዩ ወዲህ ሁለት በሬ ይግጣል፤ በእጃቸው ዱላ ይዘዋል።

«ሰው ነክቶታል?» አልኩ፤ ያስቀደምኩት ጥያቄ ይሄ መሆኑ ኋላ አሳፈረኝ። ወዲያው፣ «ሰው ተጎድቷል?» ብዬ ደገምኩ።

«ማንም አልተጎዳ። ማንም አልነካው። አትንኩ ብለሽ አልነበር?» አሉ። «ሲወድቅ አየሁት። ልጆቹን ቤት ዘጋሁባቸው። ልደውል ብል ስልኩ አይሠራ። ትቼው ልሄድ ብል በሬው ይረግጠዋል። ዝናቡ ሲመጣ ገሳዬን በሩቁ ጣል አደረግኩበት። እጄ አልደረሰበትም።»

ሁለት ሰዓት ያህል እንዲያ ቆመው ነበር። ልብሳቸው ከሰውነታቸው ተጣብቋል። ወደ ድሮኑ መሄድ ሲገባኝ ወደ እሳቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ ይዘው አስነሡኝና «ኧረ ተይ፣ ዕቃሽን እዪ» አሉኝ። ባትሪውን ነቅዬ አራቅኩት። ሁለት ክንፍ ተሰብሯል፤ ክንፉን የሚሸከመው አንዱ ክንድ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ፎቶዎቹ ያሉበት ካርድ ደኅና ነበር።

የኔነህን ቀና ብዬ አየሁት። ያ «የጠፋ» ግማሽ ቀን ባይኖር፣ እኚህ ሴት ይህን ነገር ሲያዩ ምን ያደርጉ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። «አመሰግናለሁ» አልኩት።

አራተኛው ቀን

መለዋወጫ ክንፍ ነበረኝ፤ መለዋወጫ ክንድ የለኝም። ከካርዱ ያገኘሁት ፎቶ ሦስት ኪሎ ሜትሩን ይሸፍናል። የቀረችው ያቺ ማጠፊያ ናት፤ የማዶ ሰዎች «የሚሻለው እዚያ ነው» የሚሉት ደግሞ እሷኑ ነው።

ጠዋት ከየኔነህ ጋር ዳንግላ ሄድን። አስፋልቱ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ከተማው ውስጥ በባጃጅ። ባጃጁ ውስጥ ብቻ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ ሾፌሩ ግን እንደ ድሬ ሾፌር አይቸኩልም። ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት ዘንድ ገባን። ክንዱን በመብራት፣ በማጉያ መነጽር አገላብጦ አየው።

«አጣብቄ ልሰጥሽ እችላለሁ። አዲስ ይመስላል» አለ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና፣ «አየር ላይ ይይዛል ብዬ ግን አልምልም። አንቺ ከሥሩ ትቆሚያለሽ?» አለኝ።

«አልቆምም።»

«እንግዲያው አላጣብቀውም።»

ለድካሙ ምንም አልተቀበለንም። ሻይ ጋበዘን እንጂ።

ከሱቁ እንደወጣን ስብሰባውን የሚያዘጋጁት ኃላፊ ደወሉ። ነገርኳቸው። «በፕላስተር እሰሪውና አንዴ ብቻ አስነሺው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አሉኝ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ሥራው እንዲያልቅ ነው የፈለጉት። እኔም ስፈልግ የነበረው ያንኑ ነው፤ ትናንት ብቻ ቢሆን እሺ እል ነበር። ግን ድሮን ሲነሣ ሰው ከሥሩ ይሰበሰባል፣ ልጆች ይከተሉታል። ያ ከቀርከሃው ሥር ያለው ማሳ በዓይኔ መጣ።

«አላስነሣውም» አልኳቸው። «የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሁለተኛ ግን አልጥለውም።»

«ታዲያ ካርታው?» አሉ። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ሚኒባሱ ሄድን።

አያ እንየው ቤት ስንመለስ ደጅ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። ፊታችንን አይተው ጠየቁ፤ የኔነህ በአዊኛ ዘርዝሮ ነገራቸው። ሰሙት፣ ገመዳቸውን ትንሽ ገመዱና በአማርኛ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ወንዙ አልጠፋም እኮ። የተሰበረው ዕቃሽ ነው። ወንዙ እዚያው አለ።»

«እሱማ አለ፣ አያ።»

«በምን ነበር የምትለኩት፣ ይሄ ሳይመጣ?»

እኔና የኔነህ ተያየን። ሻንጣዬ ውስጥ የቦታ መለያ መሣሪያ፣ ጂፒኤስ፣ አለኝ። የኔነህ ቢሮ መቶ ሜትር የሚረዝም ሜትር፣ የከፍታ መለኪያና ባለቁጥር ዘንግ አለ። አንድ ኪሎ ሜትር። አንድ ቀን።

«በእግር» አልኩ።

አምስተኛው ቀን

ሲነጋ ስንወርድ ዳሩ ላይ ሃያ ያህል ሰው ቆሞ ጠበቀን። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። ማዶም እንዲሁ፤ ከፊት እትዬ ትሁኔ አሉ፣ ገሳቸውን ለብሰው።

ሥራውን ተከፋፈልነው። በዚህ ዳር እኔና የከፍታ መለኪያው፣ በዚያ ዳር የኔነህ ከነዘንጉ። ሰዎቹ ቁጥቋጦ እየመነጠሩ መንገድ ይከፍታሉ፣ ቀርከሃ ሰንጥቀው ችካል ያበጃሉ። ሜትሩን ወዲያ ማሻገር ሲያስፈልግ አያ እንየው ጫፉን ኮርቻቸው ላይ አስረው ፈረሳቸውን ውሃው ውስጥ ይነዱታል። ዳማው መሐል ላይ ደረቱ ድረስ ሲገባ ሁለቱም ዳር «አይዞህ!» ይላል። ማዶ ሲወጣ እትዬ ትሁኔ ጫፉን ይቀበሉና ችካሉ ላይ አጥብቀው ይይዙታል። መጀመሪያ ሁለቴ ላላባቸው። ሦስተኛው ላይ ከእኔ ቀድመው፣ «ሳቢ! ከወዲያ ላልቷል!» ብለው ጮኹብኝ። ልክ ነበሩ።

በየችካሉ ደግሞ ድሮን የማይነግረኝን ሰማሁ። ክረምት ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ አያ እንየው በዱላቸው እያመለከቱ አሳዩኝ፤ የትኛው ዳር በየዓመቱ እንደሚናድ፣ የትኛው ዛፍ ሲተከል ውሃው የት እንደነበር። ሁሉንም ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ማጠፊያዋ ጋ ደረስን። ዋንዛና ሾላ ሁለቱን ዳር ሸፍነውታል፤ ከላይ ፎቶ ቢነሣ የሚታየው ቅጠል ብቻ ነበር። ሰዎቹ ሐረጉን ሲያነሡ ጥቁር ዐለት ወጣ። አያ እንየው በዱላቸው መቱት፤ እንደ ደወል መለሰ። የኔነህ ከማዶ ጮኸ፦ «እዚህም ዐለት ነው! እዚህም!» ሜትሩን ዘረጋነው። አርባ ሁለት ሜትር። ከለካነው ሁሉ ጠባቡ፣ ከክረምቱ ውሃ ምልክት በጣም ከፍ ያለው፣ ሁለት ዳሩ ዐለት የሆነው ብቸኛ ቦታ። ድልድይ የሚያስር ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል?

ያን ጊዜ የተሰማኝን በትክክል ልናገር። ድሮኑ ባይወድቅ ኖሮ ይህን ቦታ በቅጠል ፎቶ አልፌው፣ ካርታዬን አሳምሬ፣ ተጨብጭቦልኝ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። መውደቁ ጥሩ ሆነ አልልም፤ ሰው ሊጎዳ ይችል ነበርና ያን ቀን በጥሩ ቀን አልቆጥረውም። ግን በጭቃ ተለውሼ፣ እጄ በሜትሩ ተልጦ፣ ከሃያ የማላውቃቸው ሰዎች ጋር ዐለት ላይ ተቀምጬ የገብስ ዳቦ ስበላ፣ በሙያዬ እንደዚያ የኮራሁበት ሰዓት አላስታውስም።

ስድስተኛው ቀንና የተከተለው

የኋላውን ላስቀድም። ድሬ ስመለስ በቀጥታ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ፣ ከቸኮልኩበት ደቂቃ ጀምሮ ምንም ሳላስቀር ተናገርኩ። እሳቸውም፣ «ይህንኑ ለሁሉም ትናገሪያለሽ» አሉ። ተናገርኩ። ዛሬ በመሥሪያ ቤታችን ድሮን ከመነሣቱ በፊት የመመለሻው ከፍታ በሁለት ሰው ይነበባል፣ የነፋሱ አቅጣጫ ይታያል፣ ከዓይን የሚጠፋ በረራ የለም፣ ግማሽ ባትሪ ሳይነካ ፊቱን ያዞራል። በቦታው ያለው ሰው ሳይሰማ ደግሞ አይነሣም። አዲሶቹ ሠልጣኞች ይሄን «የቆሰበር ሕግ» ይሉታል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቀኝ ሲኖር ሳላፍር እነግራለሁ። ድልድዩም በተከታዩ በጋ እዚያችው ማጠፊያ ላይ ታሠረ።

አሁን ወደ ስብሰባው። ቆሰበር ከተማ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ሦስት እጁ የሰማይ ፎቶ ነው፤ የቀረው አንድ እጅ በእርሳስ የተሠመረ መስመር፣ ቁጥርና የውሃ ምልክት። ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል። ከአዲስ አበባ የመጡት የድልድይ መሐንዲስ ተነሥተው ቀረብ ብለው አዩት፤ ጣታቸውን ማጠፊያዋ ላይ አሳረፉ።

«ይህኛው በምን ተነሣ?»

«በእግር» አለ የኔነህ።

መሐንዲሱ መነጽራቸውን አስተካክለው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ ዐለቱን፣ የውሃውን ምልክት፣ ርቀቱን ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ድሮኑን እንዴት እንደጣልኩትም ሳይጠየቅ ተናገርኩ። «ሦስቱን ከሰማይ፣ አንዱን ከመሬት አየሁ» አሉ በመጨረሻ። «ልፈርምበት የምችለው የመሬቱ ነው። ማን ነው የለካው?»

በካርታ ሥራ ከሥር የለካው ሰው ስም ይጻፋል። እኔ ከሥሩ የጻፍኩት የእኔንና የየኔነህን ብቻ አልነበረም። መሐንዲሱ ጎንበስ ብለው ዝርዝሩን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። የእኔን ጠሩ፣ የየኔነህን ጠሩ። «እንየው...» ሲሉ አያ እንየው ዱላቸውን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሐንዲሱ ቀጠሉ።

«ወይዘሮ ትሁኔ።»

ከኋላ ወንበር ላይ፣ ሙላትን አዝለው፣ እትዬ ትሁኔ ቀጥ ብለው ተነሡ።

«አቤት!» አሉ፤ አዳራሹ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ።